ሽማግሌው የሚለምንበት ድምፅ

ወፍራም የወንድ ድምፅ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ሥልጣንን ወይም ቁጣን ነው። ኦፔራ የሚባለው የአውሮፓ የሙዚቃ ቲያትርም ከዚህ አስተሳሰብ የራቀ አይደለም። ባስ የሚሉትን ወፍራሙን ድምፅ ሞዛርት በ1782 ኦስሚን ለተባለው ቁጡ የፓሻ ቤት ጠባቂ፣ በ1791 ደግሞ ሳራስትሮ ለተባለው ጠቢብ ካህን ሰጥቷል። ጉኖ በ1859 ሰይጣንን በባስ አዘፈነው። ቬርዲ በ1867 «ዶን ካርሎስ» በተባለው ኦፔራው ውስጥ አንድን ንጉሥና አንድን የዘጠና ዓመት ዐይነ ስውር የሃይማኖት ዳኛ ሁለቱንም በባስ ድምፅ አፋጥጧቸዋል፤ ይህ ክፍል በሰማሁት ቁጥር ያስደንቀኛል። ሆኖም ጠባቂውም፣ ካህኑም፣ ሰይጣኑም፣ ንጉሡም፣ ዳኛውም የሚያዝዙ ወይም የሚያስፈራሩ ናቸው።

ውድ አንባቢዎች፣ ዛሬ ላስተዋውቃችሁ የፈለግሁት ዜማ ግን ይህን ልማድ ይገለብጠዋል። ደራሲው ሩሲያዊው ፓቬል ቼስኖኮቭ (1877–1944) ሲሆን፣ ዜማው በ40ኛው የሥራዎቹ ስብስብ ውስጥ 5ኛው ነው። አንድ ሰው በመዘምራን ታጅቦ ይዘምረዋል፤ የዚህም ሰው ድምፅ ከተራው ባስ እጅግ የወፈረ መሆን አለበት። ቃሉ የንጉሥ ዳዊት ነው። በዕብራይስጡ መዝሙር 71 ይባላል፤ በግዕዙ ዳዊትና በሩሲያውያን መጽሐፍ ግን 70ኛው ስለሆነ የግዕዙን የሚገልጥ ሰው አንድ ቁጥር ቀንሶ ይፈልገው። ጉልበቱ ያለቀበት ሰው በእርጅናው ወራት ፈጣሪው እንዳይጥለው ይለምናል። ጠላቶቹ በበኩላቸው አምላክ እንደ ተወውና የሚያድነው እንደሌለ ይነጋገራሉ። ይኸው ልመና ወደ ብዙ ቁጥር ተለውጦ፣ ከ«እኔ» ወደ «እኛ» ማለት ነው፣ በዮም ኪፑር በቤተ ክኔሴት ሲባል ሰምታችሁታል።

«የሩሲያ ቤተ ክርስቲያን ዜማ ለእኛ ጋዜጣ ምን ያደርጋል?» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል፤ ጥያቄው ተገቢ ነው። እኔ የማቀርበው ለጸሎት ሳይሆን እንደ ሙዚቃ ነው፤ ቃሉም ቢሆን ከእኛው ዳዊት የተወሰደ ነው።

በሩሲያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን በጸሎት ጊዜ የሙዚቃ መሣሪያ አይገባም። ሁሉም በሰው ጉሮሮ ብቻ ስለሚዘመር መሠረቱን የሚይዙት ኦክታቪስት የሚባሉ ዘማሪዎች ናቸው። እነዚህ ከተራው ባስ አንድ ኦክታቭ፣ ማለትም በድምፆች መሰላል ስምንተኛው ድረስ፣ ዝቅ ብለው ይዘምራሉ። ድምፅ የሚቀጥነውና የሚወፍረው የጉሮሮ አውታሮች በሴኮንድ ስንት ጊዜ እንደሚርገበገቡ ታይቶ ነው። የተራ ባስ ዝቅተኛ ድምፅ በሴኮንድ ወደ 82 ጊዜ ገደማ ነው፤ ቼስኖኮቭ የሚጠይቀው ግን 49 ነው፤ በፒያኖ ላይ ከግራ ጫፍ ሰባተኛው ነጭ ቁልፍ መሆኑ ነው። በገና ሲደረደር የሰማ ሰው ያንን የሚነዝር ወፍራም ድምፅ ቢያስታውስ ነገሩ ይቀርበዋል።

እንግዲህ የቼስኖኮቭ ብልሃት ይህ ነው። ቤት የሚያናውጥ ድምፅ ያለውን ሰው ወስዶ ልመና በአፉ አስገባለት። ልጅ ቢለምን፣ ሴት ብትለምን እንግዳ ነገር አይሆንብንም፤ ሲያዝዝ የኖረ የሚመስል ድምፅ «አትተወኝ» ሲል ግን ሰሚው ይደነግጣል። በሥራዬ ምክንያት ይህን ድንጋጤ አውቀዋለሁ። በአገሩ ሽማግሌ ተብሎ ሁለት የተጣሉ ቤተሰቦችን በአንድ ቃል ያስታርቅ የነበረ አባት፣ እዚህ በአንድ ጽሕፈት ቤት ወንበር ላይ የልጅ ልጁ እስኪያስተረጉምለት ዝም ብሎ ይጠብቃል፤ የመናገር ተራው ሲደርስም ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ድምፁ ያው ወፍራሙ ድምፅ ነው፤ የሚሰማው ሰው ግን የለም።

ዜማው እንከን የለበትም ማለቴ አይደለም። የመዘምራኑ ቅንብር አንዳንድ ቦታ ከሚገባው በላይ ይጣፍጣል፤ የጠላቶቹ ቃል ሲመጣ እንኳ መራራነቱ አይበቃም። የሚብሰው ጥፋት ግን የዘማሪዎች ነው። ብዙዎች ዜማውን እንደ ክብደት ማንሣት ውድድር ይዘውታል። በኢንተርኔትም የመጨረሻዋን ዝቅተኛ ድምፅ ብቻ ቆርጠው የሚያሳዩ አሉ፤ ሽማግሌው ምን እንደ ለመነ የሚጠይቅ የለም። ውድድር ከሆነማ አሜሪካዊው ቲም ስቶርምስ በ2012 በሴኮንድ አንድ ጊዜ እንኳ የማይሞላ ድምፅ በማውጣት የዓለም ክብረ ወሰን ይዟል፤ የሰው ጆሮ ግን ከ20 በታች የሆነውን አይሰማም! ከሰማኋቸው ሁሉ የምመርጠው የሴንት ፒተርስበርጉን ቭላዲሚር ሚለርን ነው። እርሱ ድምፁን አይገፋም፤ ዝቅ ያለውን ድምፅ የሚያወጣው የደከመው ሰው እንደሚቀመጥ ቀስ ብሎ ነው።

ደራሲው ራሱ የገጠመው ዕጣም ከዚህ ልመና የራቀ አልነበረም። ከ1917ቱ አብዮት በኋላ የሃይማኖት ዜማ መጻፍ ስለማይቻል በሞስኮ ኮንሰርቫቶሪ ማስተማር ያዘ። መዘምራኑን ይመራበት የነበረው የሞስኮው ታላቅ ካቴድራል በ1931 በመንግሥት ትእዛዝ ፈረሰ፤ ከዚያ በኋላ ዜማ መድረስ እንዳቆመ ይነገራል። ካቴድራሉ በኋላ ተመልሶ ተሠርቷል፤ እርሱ ግን በ1944 ዐረፈ።

ለመስማት የምትፈልጉ በስልክ ድምፅ ማጉያ አትሞክሩት። ስልክ እንዲህ ያለውን ወፍራም ድምፅ በሚገባ ማውጣት ስለማይችል የዘማሪው ድምፅ ውፍረቱን ያጣል። ደህና የጆሮ ማዳመጫ ወይም ትልቅ ድምፅ ማጉያ ያስፈልጋል። በቤት ውስጥ አያት ካሉ ቃሉን በአማርኛ አንብቡላቸውና አብራችሁ ስሙት፤ ዜማው አጭር ነው።