በወግና በለውጥ መካከል፤ የጉዱ ካሣ ፈተና

ሰው ስለ አገሩ አስተዳደር ያለውን አሳብ ሲገልጥ፥ «ወግ ጠባቂ ነህ ወይስ ሊበራል?» ተብሎ መጠየቁ አይቀርም። የአባቶችን ሥርዓት ያከበረ ለውጥን እንደ ጠላ፥ ስለ ነጻነት የተከራከረም አገሩን እንደ ናቀ ይቈጠርበታል። በዚህ ጥያቄ ለሚጨነቅ ሁሉ፥ ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» እንደገና ሊነበብ የሚገባው መጽሐፍ ነው።

የታሪኩ መንደር ዲማ በጐጃም ትገኛለች። በመካነ ሰላምና በደጎሎ ለምንኖረው ግን፥ ዓባይ ቢለየንም፥ ባላባቱም ደብሩም የዘር ቈጠራውም ባዕድ አይሆኑብንም።

ፊታውራሪ መሸሻ ወግን የሚጠብቁት፥ ወግ ክብራቸውን ስለሚጠብቅላቸው ነው። በዘር ሚዛን ሲመዝኑ ለሰብለ ወንጌል የሚመጥን ባል ይጠፋል፤ በዛብህም የባላገር ልጅ ሆኖ እርስዋን መውደዱ እንደ ወንጀል ይታይበታል። ጉዱ ካሣ ከዚያው ከትልልቆቹ ወገን ተወልዶ ሳለ ይህን ሥርዓት ይነቅፋል። ባሕር ተሻግሮ አልተማረም፤ ነቀፋው የበቀለው እዚያው ከሚያየው ኑሮ ነው። ባላገሮቹም በፊታውራሪ ላይ ሲነሡ ልማድን ይሻሩልን አላሉም፤ ከተለመደው በላይ አይጫንብን አሉ እንጂ። እንግዲህ አንዱ ወግ ለገዢው ጅራፍ፥ ለተገዢው ጋሻ ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

መጽሐፉ ነቀፋ የለበትም አይባልም። ጉዱ ካሣ ሲናገር ታሪኩ ቆሞ ይጠብቀዋል፤ ብርቱ ተከራካሪም አልቆመለትም። ፊታውራሪ ይቈጣሉ እንጂ አያስረዱም። ስለ ወግ በቅን ልብ የሚሟገት አንድ አስተዋይ ሽማግሌ በፊቱ ተቀምጦ ቢሆን ኖሮ፥ የጉዱ ካሣ አሳብ ይበልጥ ይጠራ፥ አንባቢውም ይበልጥ ይፈተን ነበር።

ደራሲው ነገሩን በልብ ወለድ ብቻ አልተዉትም። «ኢትዮጵያ ምን ዓይነት አስተዳደር ያስፈልጋታል?» የሚለውን መጽሐፋቸውን በ1966 ዓ.ም. አቀረቡ። በመስከረም 1967 ዓ.ም. ግን የዘውዱ መንግሥት ወደቀ። በጊዜው ያልታረመ ሥርዓት በድንገት ሲወድቅ፥ ከክፉው ጋር መልካሙንም ይዞ እንደሚወድቅ ከዚያ በኋላ የመጣው ዘመን አስተማረን።

ስለዚህ አስተዋይ ዜጋ የወገኑን ስም ከመምረጡ በፊት እያንዳንዱን ልማድ ይመርምር፤ ማንን ይጠብቃል? ማንንስ ይጐዳል? ደካማውን የሚጠብቀውን ቢያጸና ወግ ጠባቂ፥ ደካማውን የሚጐዳውን ቢሽር ሊበራል ይባል ይሆናል። ሁለቱንም የሚያደርግ ሰው መካከል ሰፋሪ ሳይሆን የራሱን አሳብ ያገኘ ሰው ነው።