ባዜቃው የደረሰበት ቧንቧ

አንጎላችን በቀን ግማሽ ሊትር ገደማ ጥርት ያለ ፈሳሽ ያመነጫል። ራስ ቅልና ህብለ ሰረሰር በአንድ ጊዜ የሚይዙት ግን 150 ሚሊ ሊትር ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ፈሳሹ በቀን ሦስት አራት ጊዜ ይታደሳል፤ አሮጌው ደግሞ የአንጎልን ዝቃጭ ይዞ መውጣት አለበት። በየት በኩል? ሌላው አካላችን ትርፍ ፈሳሹን የሚያስወግድበት የሊምፍ ቧንቧ አለው። አንጎል ግን ይህ ቧንቧ የለውም ተብሎ ስንት ትውልድ ሐኪም ተምሯል።

እ.ኤ.አ. በ2015 ይህን እምነት ያፈረሰው አዲስ መሣሪያ ሳይሆን የእጅ ጥበብ ነው። በአሜሪካ ቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ፣ በጆናታን ኪፕኒስ ቤተ ሙከራ ይሠራ የነበረው አንትዋን ሉቮ የአይጥን የአንጎል ሽፋን ሳይቆራርጥ፣ ሙሉውን በአንድ ስላይድ ላይ ዘርግቶ ማየት ፈለገ። ሽፋኑ የእንቁላል ቅርፊትን ከውስጥ እንደሚለብሰው ስስ ልባስ ነው፤ ከአጥንቱ ሲላቀቅ ይሸበሸባል፣ ይቀደዳል። ሉቮ ያደረገው ቅደም ተከተሉን መለወጥ ነው። የራስ ቅሉን ክዳን ከነሽፋኑ አንስቶ፣ ሽፋኑ አጥንቱ ላይ እንደተወጠረ በኬሚካል አጸናው። መላጥ የጀመረው ቅርጹን ከያዘ በኋላ ነው። በዚህ ዘዴ እያንዳንዱ ነገር በሕይወት በነበረበት ቦታው ቀረ።

በማይክሮስኮፕ ሲያየው የበሽታ ተከላካይ ሕዋሳት ተበታትነው አልነበሩም። በትልልቆቹ ደም መላሾች ጎን ለጎን ተሰልፈው ነበር። ሰልፉ ቧንቧ ውስጥ ያሉ መሆናቸውን ይናገራል፤ ቧንቧው ግን የደም አልነበረም። ምርመራው ሲቀጥል የሊምፍ ቧንቧ መለያ ፕሮቲኖች ተገኙበት፤ የአንጎሉን ፈሳሽ ተቀብሎ አንገት ውስጥ ወዳሉት ንፍፊቶች እንደሚያደርስም ታየ። በዚያው ዓመት የሄልሲንኪው የካሪ አሊታሎ ቡድን በራሱ መንገድ ተመሳሳይ ውጤት አሳተመ። በ2017 ደግሞ የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም ተመራማሪዎች ቧንቧዎቹን በሕይወት ባሉ ሰዎች ላይ በኤምአርአይ አሳዩ።

እኔን ይበልጥ የሚያስደንቀኝ ግን ከሁሉም የቀደመው ሰው ነው። ጣሊያናዊው የሥነ አካል ሊቅ ፓኦሎ ማስካኚ የሊምፍ ቧንቧዎችን ታላቅ የሥዕል መጽሐፍ በ1787 ሲያሳትም ገና የ32 ዓመት ሰው ነበር። የአንጎል ሽፋን ላይ የሊምፍ ቧንቧ እንዳለ ያኔ ጽፏል። መለያ ፕሮቲኖችን የሚያሳዩ፣ የሚያበሩ ማቅለሚያዎች አልነበሩትም። የነበረው ጫፉ እጅግ የቀጠነ የመስታወት ቱቦና ባዜቃ ነው።

ይህ ሥራ ምን ያህል እጅ እንደሚጠይቅ አስቡት። ባዜቃ ከውኃ 13 እጥፍ ተኩል ያህል ስለሚከብድ በራሱ ክብደት ቧንቧው ውስጥ ይወርዳል፤ በስሱ ግድግዳ በኩል እንደ ብር ሲያበራም ይታያል። ነገር ግን የሊምፍ ቧንቧ ፈሳሽ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፉ ክዳኖች አሉት። ቱቦው ከዳር ካልገባ ባዜቃው ክዳኑ ላይ ይቆማል። ክብደቱ ከበዛ ደግሞ ቧንቧው ይፈነዳና ያ ሁሉ ድካም በአንድ ቅጽበት ይጠፋል። መጀመሪያውኑ ቱቦውን ለማስገባት ባዶ ሲሆን የማይታይ፣ ቀለም የሌለው ክር መሰል ነገር ፈልጎ ማግኘት ያስፈልጋል። ማስካኚ ይህን ከእግር ጣት እስከ ራስ ቅል በመላው የሰው አካል ላይ ሠርቶታል።

ከእሱ በኋላ የመጡት ስላልተቀበሉት ግኝቱ ተረሳ፤ እንደገና እስኪረጋገጥ 228 ዓመት ፈጀ። ዛሬም ብዙ ጽሑፎች ታሪኩን ከ2015 ይጀምሩታል። የሉቮና የአሊታሎ ቡድኖች ክብር የሚገባቸው ቢሆኑም የማስካኚ ስም ከፊታቸው መጻፍ አለበት።

ቪየና የምትኖሩ ወይም የምታልፉ አንባቢዎች ዮሴፊኑም የተባለውን የሕክምና ታሪክ ሙዚየም ሳታዩ አትመለሱ። በፍሎረንስ ከሰም የተሠሩት፣ ማስካኚም እጁ ያለባቸው የሰው አካል ቅርጾች እዚያ አሉ። ከሩቅ አይታችሁ አትለፏቸው፤ ተጠግታችሁ ቧንቧዎቹን አንድ በአንድ ተከተሏቸው።