ከገንዳው ደርሶ የሚጠጣ ፈረስ

የቴቪስ ዋንጫ የሴራ ኔቫዳን ተራሮች አቋርጦ ካሊፎርኒያ ውስጥ ኦበርን ከተማ የሚያበቃ የ100 ማይል ግልቢያ ነው፤ 160 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በ24 ሰዓት ውስጥ። እ.ኤ.አ. በ1955 ያስጀመረው ዌንደል ሮቢ ነው። እኔን የሚያስደንቀኝ ግን ቀድሞ የሚገባው ፈረስ ሳይሆን በየኬላው ረጋ ብሎ ቆሞ አፉን ገንዳ ውስጥ የሚነክረው ነው።

ጉግስ እያየ ላደገ ሰው ይህ ግራ ያጋባል። መነሻው ላይ ሌሎቹ ሲፈተለኩ ልጓሙን እያኘከ የሚታገል ፈረስ ጉልበቱን በጠዋት ይጨርሳል። ደጉ ፈረስ ግን ጋላቢውን ይሰማል፣ ሶምሶማውን ሳያዛባ ይጓዛል፣ ባገኘበት ይበላል፣ ይጠጣል። ኬላው ላይ የእንስሳት ሐኪም የልብ ምቱን ይቆጥራል፤ በሶምሶማ አስሮጦም ማነከስ አለማነከሱን ያያል። ምቱ በተሰጠው ጊዜ ካልወረደ ጉዞው እዚያው ያበቃል። በዚህ የዓረብ ፈረስን የሚስተካከል የለም፤ ገላው ቀጠን ያለ ስለሆነ ሙቀቱ ቶሎ ይወጣለታል።

ሥልጠናው ትዕግሥት ይጠይቃል። ልብና ሳንባ በወራት ይጠነክራሉ፤ ጅማትና አጥንት ግን ዓመታት ይፈልጋሉ። ለዚህም ነው 6 ዓመት ያልሞላው ፈረስ በቴቪስ እንዲሮጥ የማይፈቀድለት። ረጅም፣ ዝግ ያለ መንገድ፣ ከዚያ ዕረፍት (ችኩል ባለቤት የሚዘነጋው ይህንኑ ነው)።

በቴቪስ ቀድመው ከገቡት 10 ፈረሶች መካከል ከሁሉም በተሻለ ይዞታ ላይ ለተገኘው የሃጊን ዋንጫ ይሰጣል። የሚዳኘው በማግስቱ ጠዋት ነው።