የእህት ልጅና የቤት ሠራተኛ

የድሮ ፎቶግራፍ አይቶ «እነዚህ ሰዎች ምን ሆነው ነው እንዲህ የተኮሳተሩት?» የማይል የለም። የመልሱ ግማሽ ቴክኒክ ነው። በዚያ ዘመን ካሜራ ፊት የተቀመጠ ሰው ለሰከንዶች፣ አንዳንዴም ለደቂቃዎች ሳይነቃነቅ መቆየት ነበረበት። እስቲ ፈገግታን ያን ያህል ጊዜ ይዛችሁ ሞክሩት! ሌላው ግማሽ ግን በአንሺና በተነሺ መካከል ያለው ነገር ነው።

እንግሊዛዊቷ ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን ካሜራ የያዘችው እ.ኤ.አ. በ1863 መጨረሻ፣ በ48 ዓመቷ ነው፤ ልጇና አማቿ ሰጥተዋት። በዋይት ደሴት በሚገኘው ቤቷ የዶሮ ቤቱን ስቱዲዮ፣ የከሰል ማስቀመጫውን ጨለማ ክፍል አደረገችው። ቴኒሰንንና ዳርዊንን የመሳሰሉ ስመ ጥሮችን አንስታለች። ፎቶዎቿ ደብዘዝ ያሉ፣ እድፍና ጭረት የማያጣቸው ስለነበሩ የሙያው ሰዎች አብጠልጥለዋታል።

እኔ የምመርጠው የስመ ጥሮቹን አይደለም። «የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል» እንላለን፤ የካሜሮን ምርጥ ሥራ ግን ከቅርብ የተቀዳ ነው። በ1867 የእህቷን ልጅ፣ የክርስትና ልጇንም፣ ጁሊያ ጃክሰንን አነሳቻት። ልጅቱ 21 ዓመቷ ነው፤ ሠርጓ ተቃርቧል። የፊቷ ግማሽ ብርሃን፣ ግማሽ ጥላ። ጌጥ የለ፣ ምን የለ። ዓይኗ ቀጥ ብሎ ያያል። የሚያምናት ሰው ፊት የተቀመጠች መሆኗ ያስታውቃል።

በዚያው ቤት ሜሪ ሂሊየር የምትባል ሠራተኛ ነበረች። እሷን ደግሞ ካሜሮን ደጋግማ እመቤታችን ማርያም አድርጋ፣ ያልወለደቻቸውን ሕፃናት አስታቅፋ አነሳቻት። ፎቶዎቹ ያምራሉ፤ የእናት ፍቅርም ይመስላሉ። ልዩነቱ ግን እዚህ ላይ ነው፤ የእህቷን ልጅ አብዛኛውን ጊዜ በራሷ ማንነት ያነሳችው ሴት፣ ሠራተኛዋን የሌላ ሰው እናትነት አለበሰቻት። አንዷ ራሷን እንድትሆን ተፈቀደላት፤ ሌላዋ የታዘዘችውን ሆነች። ካሜሮን ክፉ ነበረች ለማለት አይደለም። እቅፍ ያለበት ፎቶ ሁሉ የፍቅር ምስክር አይደለም ለማለት ነው።

ጁሊያ ጃክሰን በ1895 ስትሞት ልጇ 13 ዓመቷ ነበር። ያች ልጅ ደራሲዋ ቨርጂኒያ ዉልፍ ናት። በ1926 ከሮጀር ፍራይ ጋር ሆና የካሜሮንን ፎቶዎች በራሷ ማተሚያ ቤት በመጽሐፍ አወጣች። በዓመቱ ደግሞ እናቷን መነሻ ያደረገችበትን «ወደ መብራት ቤቱ» የተሰኘ ልቦለድ አሳተመች። አክስት ለእህቷ ልጅ ያነሳችው ፎቶ ለሙት ልጅ ቅርስ ሆነ ማለት ነው።

እንግዲህ እናንተም አልበማችሁን አውጡና ተመልከቱ። ልጅ ታቅፋ ጥግ ላይ የቆመች ሠራተኛ አትጠፋም። ልጁን ሁሉም ያውቀዋል። የእሷን ስም የሚያስታውስ ካለ፣ ዛሬውኑ ከፎቶው ጀርባ ይጻፍላት።