ያልተቋረጠ የዘር ሐረግ

ፊላደልፊያ የሚኖር የልጅነት ጓደኛዬ አንድ ሌሊት ደወለልኝ። በዚያ ሰዓት የሚደወል ስልክ መቼም ለደግ አይሆንም፤ ደንግጬ አነሳሁት። «ኧረ ማንም አልሞተም» አለኝ ሳቅ እያለ። «ይልቅ የሞቱትን እየፈለግሁ ነው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጁ ከትምህርት ቤት የቤተሰብህን ዛፍ ሥለህ አምጣ ተብሏል። እናቱ የዚያው አገር ሰው ናት፤ ወገኖቿ እንግሊዛዊው ዊልያም ፔን እ.ኤ.አ. በ1682 ፔንሲልቫኒያ በደረሰበት ዘመን ከሰፈሩት ኩዌከሮች የሚወለዱ ናቸው። የአባቱ ወገን ደግሞ ከድሬዳዋ ገጠር፣ ከቢዮ አዋሌ ነው። በልጁ ወረቀት ላይ የእናቱ ጎን ቅርንጫፉ ተንዠርግጓል፤ የአባቱ ጎን ሦስት ስም ላይ ቆሟል። የእኛ ነገር ይታወቃል፤ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም ተብሎ ቅጹ ያልቃል። ልጅ በተወለደ ቁጥር ከኋላ አንድ አባት ይወድቃል። ጓደኛዬን ያንገበገበው ይሄ ነው። «ልጄ ግማሽ ዛፍ ይዞ ክፍል አይገባም! ቢዮ አዋሌ ሂድልኝ፣ ሽማግሌ ጠይቅልኝ» አለኝ።

ከመሄዴ በፊት የሚስቱን ቤተሰብ ወረቀቶች ላከልኝ። እንደ ድሮ ልማዴ ቀይ እስክሪብቶ ይዤ አነበብኳቸው። ኩዌከሮች በአሥራ ሰባተኛው መቶ ዓመት አጋማሽ በእንግሊዝ የተነሱ ክርስቲያኖች ናቸው፤ ራሳቸውን «ወዳጆች» ይላሉ። ሕፃን በውኃ ስለማያጠምቁ የጥምቀት መዝገብ የላቸውም፤ በምትኩ ልደቱንም ጋብቻውንም ሞቱንም በየጉባኤያቸው ደብተር ይጽፋሉ። ሠርግ ላይ የተገኘ ሁሉ በምስክር ወረቀቱ ላይ ይፈርማል። የወራቱን ስም የአረማውያን አማልክት ስም አለበት ብለው ስለማይወዱት «አንደኛ ወር፣ ሁለተኛ ወር» እያሉ ይቆጥራሉ። ታዲያ እስከ 1752 ድረስ አንደኛው ወር ማርች ነበር፤ ይህን ሳያውቅ የቆጠረ ሰው አያቱን ሁለት ወር አስቀድሞ ያስወልዳታል። በሰባትና በስምንት ዓመት ልዩነት ስንደናገር ለምንኖረው ለእኛ ይህ ብርቅ አይደለም።

እንዲህ የሚጽፍ ሕዝብ ክፍተት ሊኖረው አይገባም ነበር። አለው። በድሮው ጊዜ ከጉባኤው ውጭ ያገባች ልጅ ከአባልነት ትሰረዝ ነበር፤ መሰረዟ በደብተሩ በአንዲት መስመር ይጻፍ ነበር፤ ከዚያ በኋላ እሷም ልጆቿም ከመዝገቡ ይጠፉ ነበር። በቀደመው ዘመን ከእነሱም መካከል ባሪያ የሚያሳድሩ ነበሩ፤ የፊላደልፊያው ዓመታዊ ጉባኤ አባላቱ ባሪያ እንዳይኖራቸው የከለከለው በ1776 ነው። በዚያ ዘመን ኑዛዜ ውስጥ ባሪያ ብዙውን ጊዜ አባትም አያትም በሌለው በአንድ ስም ነው የሚገኘው። የጓደኛዬ ሚስት ቤተሰብም አንዲት ቅድመ አያት ላይ ሲደርስ እንዲሁ ይጠፋበታል። ያደረጉት ነገር ግን ደስ አለኝ፤ መስመሩን በነጠብጣብ አስምረው አጠገቡ የጥያቄ ምልክት አኑረዋል። ሌላም ነገር አየሁ። የኩዌከር ሴቶች የራሳቸው ጉባኤ፣ የራሳቸው ቃለ ጉባኤ ነበራቸው። በወንዶቹ ደብተር የጠፋ ስም አንዳንዴ በሴቶቹ ደብተር ይገኛል። ይህን ልብ በሉልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ቢዮ አዋሌ ከጓደኛዬ ወንድም ጋር ሄድኩ። ሽማግሌው ምንጣፍ ላይ አስቀመጡን፤ ሆጃ መጣ፤ የቡና ቅጠል ተፈልቶ ወተት የገባበት። እኔ አማርኛ፣ እሳቸው ኦሮምኛ፣ የጓደኛዬ ወንድም በመካከል። የመጣንበትን ስንነግራቸው ዓይናቸውን ጨፈን አድርገው የጓደኛዬን አባቶች ጠሩ። አሥራ አራት! አንድም ሳይደናቀፉ። በዚህ አገር ጎረቤት የሆኑት ሶማሌዎችም ልጆቻቸውን ገና ከሕፃንነት አብቲርሲ ያስጠኗቸዋል፤ የአባት ቆጠራ ማለት ነው። እኔ ከአራት በላይ አልዘልቅም፤ አፈርኩ።

«አባባ፣ በመካከል የተዘለለ የለም?» አልኳቸው።

ሳቁ። «አንተ ልጅ፣ ልጅ ሳይተካ የሞተ ምን አፍ ይጠራዋል? እሱማ ይወድቃል» አሉኝ። ሃምሳ ዓመት ካለፈኝ ወዲህ «ልጅ» ብሎ የጠራኝ ሰው የለም።

«የጓደኛዬ የአባቱ እናትስ? ስሟ ማን ነበር?» አልኩ።

ሽማግሌው አሰቡ። የየትኛው ጎሣ ልጅ እንደነበረች ነገሩን፤ በስንት ከብት እንደታጨችም ነገሩን። ስሟን ግን አጡት። ይኼኔ ሆጃውን ያቀረቡልን ባለቤታቸው ከበሩ በኩል ስሙን ጠሩት። እንዲያው በቀላሉ፣ ጨው አቀብሉኝ እንደማለት። ቀጥለውም «የምትጠሩት አባቷ ግን የወለዳት አይደለም፤ ጉዲፈቻ ናት» አሉ። ከየት መንደር እንደመጣች፣ ማን እንዳጠባት ሁሉ ያውቁ ነበር። ሽማግሌው ዘወር ብለው አዩዋቸውና ዝም አሉ። የሴቶቹ ደብተር ማለት ይሄ ነው። ቢዮ አዋሌም አለ፤ ጠያቂ አጥቶ ነው እንጂ።

ከተማ ስንመለስ አንድ የጓደኛዬ ዘመድ ቤት ጎራ አልን። ሳሎኑ ግድግዳ ላይ በወርቃማ ፍሬም የተሰቀለ፣ በኮምፒውተር የተሠራ የዘር ሐረግ አለ። ሃያ አንድ ትውልድ! ሐረጉ ባሕር ተሻግሮ ዐረብ አገር ይገባል። ሴት የለበትም። መካን የለበትም። ጉዲፈቻ የለበትም። ሁሉም ወንድ፣ ሁሉም ትልቅ ሰው። ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ለተማሪዎቼ የምለው አንድ ነገር ነበር፦ ታሪኩ ያለ ልክ ሲያምር ደራሲውን ጠርጥሩት።

«ሽማግሌው አሥራ አራት ነው ያሉን። ሰባቱ ከየት መጡ?» አልኩት።

«አጥንተን ነዋ!» አለኝ። «ክፍተት ነበረው፤ ሞላነው።»

እሱን ብቻ አልወቅስም፤ ልማዱ የቆየ ነው። በ1948 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 2 የንጉሠ ነገሥቱ ዘር ከንግሥተ ሳባና ከንጉሥ ሰሎሞን ልጅ ከቀዳማዊ ምኒልክ ሳይቋረጥ እንደመጣ ደንግጎ ነበር። «ሳይቋረጥ» የሚለውን ቃል ልብ ይሏል። እ.ኤ.አ. በ1270 ይኩኖ አምላክ እስኪነግሥ ድረስ ላሊበላን የመሰለ ንጉሥ ያፈሩት ዛጉዌዎች በመካከል ነበሩ። የተቆረጠው ዙፋኑ እንጂ ደሙ አይደለም የሚል መልስ እንዳለ አውቃለሁ። ይሁንና ሐረግ በሕግ አንቀጽ ሲታሰር መጠየቅ ይቀራል። ቤተ መንግሥቱ እንዲህ ካደረገ ሳሎኑ ቢያደርግ ምን ይደንቃል?

በሌላ በኩል፣ መጻፍ የነበረበትን ሳንጽፍ ኖረናል። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ልደት፣ ጋብቻና ሞት እንዲመዘገብ ዝርዝር ድንጋጌ ነበረው። ግን ያው ሕግ በቁጥር 3361 ይህ ክፍል በነጋሪት ጋዜጣ እስኪታወቅ ድረስ አይሠራም ብሎ ቆለፈበት። አዋጅ ቁጥር 760/2004 ወጥቶ ምዝገባው በአገር ደረጃ የተጀመረው በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ነው። ማዘጋጃ ቤቶች የሚሰጡት ወረቀት ሳይቆጠር ሃምሳ ስድስት ዓመት! የጓደኛዬ ቤተሰብ የነበረችው ጥቂት ወረቀት ደግሞ በሐምሌ 1998 ዓ.ም. ማብቂያ፣ ከሁለት መቶ በላይ ሰው በገደለው የደቻቱ ጎርፍ ከነሣጥኗ ሄዳለች። ስለዚህ የቀረን አፍ ነው። አፍ ይረሳል፤ ግን ቢያንስ ሲጠይቁት «ይወድቃል» ብሎ ያምናል። ፍሬሙ አያምንም። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል እንላለን። አዎ። በጽሑፍ ያለ ውሸትም ይወረሳል።

ማታ ለጓደኛዬ ደወልኩና ሁሉንም ነገርኩት። ፍሬሙን ፎቶ አንስቼ እንድልክለት ፈልጎ ነበር። «ሃያ አንድ እያለ አሥራ አራት?» አለኝ። «ደግሞ ሴትዮዋን ስጽፍ የትኛውን አባት ልጻፍ? የወለዳትን ወይስ ያሳደጋትን?»

«ሁለቱንም። የወለዳትን በነጠብጣብ፣ ያሳደጋትን በድፍን መስመር። ሚስትህ ወገኖች እኮ አንዷን በጥያቄ ምልክት ጽፈዋታል፤ አላፈሩም» አልኩት።

«ዛፉ ተጣመመ እኮ!» አለ።

«እውነተኛ ዛፍ ቀጥ ያለ የት አየህ?» አልኩት። ዝም አለ። ለእሱ ነገሩ ቀላል አልነበረም። አገሩን የተወ ሰው ለልጁ የሚያወርሰው ሙሉ ነገር ይፈልጋል፤ ጎዶሎ ማውረስ ያማል። ግን ያቺ ጉዲፈቻ ሴት ባትኖር እሱም ልጁም አይኖሩም ነበር፤ በወርቃማው ፍሬም ውስጥ ደግሞ የለችም።

ከሳምንት በኋላ ልጁ ራሱ በስልክ አመሰገነኝ። አባቱ እያስተረጎመ። አሥራ አራቱን አባቶች ጽፎ፣ የቅድመ አያቱን ስም ከሁለት አባቶች ሥር አድርጎታል። መምህርቱ ይህን ሁሉ ማን ነገረህ ብላ ጠይቃዋለች፤ እሱም ምንጩን መጻፍ አለብኝ ብሏል። የሽማግሌውን ስም ነገርኩት፤ ጻፈ።

«የቅድመ አያቴን ስም ያስታወሱት ሴትዮስ? ስማቸው ማን ነው?» አለኝ።

አልጠየቅኳቸውም ነበር።