ጋዝ አልቆበት ነው

«የኔ ልጅ፣ ጋዝ አልቆበት ነው መሰለኝ። ትንሽ ጨምርልኝ።»

እንዲህ ያሉኝ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ የሐበሻ ምግብ ቤት ያላቸው እናት ናቸው። ወሩ ጁላይ ነው። አዳራሹ ውስጥ ሰው በሜኑው እያራገበ ይበላል። «እትዬ፣ መጀመሪያ ወጥቼ ልየው» ብያቸው መሰላሉን ከመኪናዬ አወረድኩ።

ይህን ቃል ከወገኖቼ የማልሰማበት ሰመር የለም። ከየት እንደመጣም ይገባኛል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ሲሞቅ መስኮት እንከፍታለን እንጂ ቤት በማሽን ማቀዝቀዝ አልለመድንም። አብዛኞቻችን ቀድመን ያወቅነው የመኪና ኤሲ ነው። የመኪናው ኮምፕረሰር በቺንጋ ይዞራል፣ ዘንጉ ወደ ውጭ ይወጣል፣ ከቱቦዎቹም ገሚሱ ጎማ ነው። ስለዚህ ጋዙ በዓመታት ውስጥ ቀስ እያለ ያመልጣል፤ ጋራዥ ሄዶ ማስሞላትም ልማድ ሆነ። ጣሪያ ላይ የሚቀመጠው ማሽን ግን ሌላ ነው። ኮምፕረሰሩ ከነሞተሩ ብረት ውስጥ ታሽጓል፣ ቱቦው መዳብ ነው፣ መጋጠሚያው በብየዳ ተዘግቷል። ጋዙ እንደ ቤንዚን ነዶ አያልቅም። ያው ጋዝ እየተነነ፣ ተመልሶም ፈሳሽ እየሆነ፣ ማሽኑ እስከሚያረጅ ድረስ ይዞራል። ከጎደለ የሆነ ቦታ ተቀዷል ማለት ነው። ቀዳዳውን ሳይደፍኑ መጨመር ደግሞ በቀዳዳ እንስራ ውኃ መቅዳት ነው።

ጣሪያው ላይ ስወጣ መጀመሪያ የተቀበለኝ የቁሌት ሽታ ነው። ከወጥ ቤቱ ጭስ የሚያወጣው ቬንትሌተር ከኤሲው ጎን፣ በሁለት እርምጃ ርቀት ቆሟል። ኤሲው ባለ 10 ቶን ነው። ቶን ሲባል ክብደቱ አይደለም፤ አንድ ቶን በረዶ በ24 ሰዓት ለማቅለጥ የሚበቃ ሙቀት ማለት ነው፣ በሰዓት 12,000 ቢቲዩ። ስያሜው ቤት በበረዶ ግግር ይቀዘቅዝ ከነበረበት ዘመን የቀረ ነው። የእትዬ ማሽን እንግዲህ በየቀኑ 10 ቶን በረዶ የሚያሟሟ ሙቀት ከዚያ አዳራሽ እያወጣ ጣሪያው ላይ መጣል ነበረበት።

ማብሪያውን አጥፍቼ ቆለፍኩትና ቁልፉን ኪሴ ከተትኩ። ከዚያ የፊልተሩን በር ከፈትኩ። ፊልተሮቹ ወደ ውስጥ ተመጥጠው እንደ ቀስት ጎብጠዋል። አንዱን በጣቴ ስጫነው ቅባት ተከትሎ ወጣ። በካርቶኑ ጠርዝ ላይ የቀየረው ሰው በማርከር የጻፈው ቀን አለ፤ ዓመት አልፎታል። እትዬ ግን በየሦስት ወሩ ለሰርቪስ የከፈሉበትን ደረሰኝ አሳይተውኛል፤ «ፊልተር ተቀይሯል» የሚለው ሣጥን ሁሉም ላይ ምልክት ተደርጎበታል። በዚህ ሙያ ከዚህ የሚበልጥ በደል አላውቅም። ባለቤቱ ጣሪያ ላይ አይወጣም፤ የሚያምነው ወረቀቱን ነው።

ከፊልተሩ ጀርባ ያለው የማቀዝቀዣ ጥቅል ቱቦ የጣት ውፍረት ያለው በረዶ ለብሷል። ሰው ይህን ሲያይ ማሽኑ ከመጠን በላይ አቀዘቀዘ ይላል፤ ነገሩ ተቃራኒው ነው። በቱቦው ውስጥ የሚያልፈው ጋዝ ከአዳራሹ አየር ሙቀት እየተቀበለ መትነን አለበት። አየሩ በቆሸሸ ፊልተር ሲታነቅ የሚቀበለው ሙቀት ያጣል፣ ቱቦው ከዜሮ በታች ይወርዳል፣ በአየሩ ውስጥ ያለው እርጥበት እላዩ ላይ ይረጋል። በረዶው ደግሞ የቀረችውን የአየር መንገድ ይዘጋል። በዚህ ሰዓት የግፊት መለኪያ ጌጅ ያሰረ ሰው በመምጠጫው በኩል ግፊቱ ወርዶ ያገኘዋል። ልክ ጋዝ የጎደለው ማሽን ይመስላል።

እኔም ይህን የተማርኩት በሰው ንብረት ነው። ሥራውን በጀመርኩበት ሰመር አንድ ሱቅ ጣሪያ ላይ ወጥቼ ፊልተሩን ሳላይ ጌጅ አሰርኩ። ግፊቱ ዝቅ ብሏል፤ ጋዝ ጨመርኩ፤ ከፍ አለ፤ ደስ ብሎኝ ወረድኩ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ባልደረባዬ ፊልተሩን ሲቀይረው አየሩ እንደ ልብ መግባት ጀመረ፤ ያን ጊዜ የእኔ ጋዝ ትርፍ ሆነ። ማሽኑ ግፊት በዛብኝ እያለ ሲጠፋና ሲበራ ሰነበተ፣ በመጨረሻም ኮምፕረሰሩ ተቃጠለ። የባለሱቁ ፊት እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም። ከዚያ ወዲህ መጀመሪያ አየሩን፣ ቀጥሎ ውኃውን፣ ከዚያ መብራቱን አያለሁ፤ ጋዙን መጨረሻ።

የእትዬን በረዶ ፀሐይ እንድታቀልጠው በሩን ከፍቼ ተውኩትና ወደ ኮንደንሰሩ ዞርኩ። ኮንደንሰሩ ሙቀቱን ወደ ሰማይ የሚጥለው ክፍል ነው፤ ስስ የአሉሚኒየም ቅጠሎቹ መሐል አቧራና ቅባት ሲሞላ ሙቀቱ መውጫ ያጣል። ከውጭ ሲያዩት ንጹሕ መስሎ ያታልላል፤ ብዙዎቹ ትልልቅ ማሽኖች ሁለት ድርብ ስላላቸው ቆሻሻው የሚጠራቀመው በድርቦቹ መሐል ነው። ቪቴዎቹን ፈትቼ ድርቦቹን በጥንቃቄ ሳላቅቅ እንደ ብርድ ልብስ የሚገፈፍ ግራጫ ድር ወጣ። ቅባቱ በውኃ ብቻ አይለቅም፤ የጥቅል ቱቦ ማጽጃ ረጭቼ፣ ጥቂት ቆይቼ፣ ከውስጥ ወደ ውጭ አጠብኩት። ከውጭ ወደ ውስጥ የሚያጥብ ሰው ቆሻሻውን ወደ ልቡ እየነዳው ነው። በኃይለኛ ግፊት የሚያጥብ ደግሞ ቅጠሎቹን ያስተኛና አየሩን ይዘጋዋል።

በዚህ መሐል በረዶው ቀልጦ ውኃው ገንዳውን ሞላ፤ ግን አልወረደም። የፍሳሽ ቱቦው በአረንጓዴ ዝቃጭ ተደፍኗል። ይህ ቱቦ እንደ መታጠቢያ ቤት ፍሳሽ ጎበጥ ያለ መታጠፊያ አለው፤ መታጠፊያው ውስጥ ሁልጊዜ ውኃ መቆም አለበት። የኤሲው የራሱ ቬንትሌተር ከገንዳው በኩል አየር ስለሚስብ ያ ውኃ ከሌለ በቱቦው ሽቅብ አየር ይገባና ውኃው እንዳይወርድ ይይዘዋል። ከዚያ የሚወርደው ደንበኛ ራስ ላይ ነው። ክረምቱን ደርቆ የከረመውን መታጠፊያ በጸደይ አንድ ጆግ ውኃ መሙላት የደቂቃ ሥራ ነው፤ ስንት ኮርኒስ ሲያድን አይቻለሁ።

መብራቱ ላይ አልቆይም። የካፓሲተሩን ቻርጅ አራግፌ ለካሁት፤ ከተጻፈበት መጠን ብዙ ወርዶ አነበበ። የሚፈቀድለት ልዩነት 6 በመቶ ብቻ ስለሆነ ቀየርኩት። የላሉ ገመዶችን አጠበቅኩ፣ የኤሲው ቬንትሌተር የሚዞርበትን ቺንጋ ውጥረት አየሁ። ስለ ቬንትሌተሩ ግን ለወጣት ባለሙያ አንድ ነገር ልንገር፦ ባለ ሦስት ፌዝ ሞተር ሁለት ገመዱ ከተቀያየረ ወደኋላ ይዞራል፣ ወደኋላ እየዞረም አየሩን ወደዚያው አቅጣጫ ይገፋል፣ ግን በጣም ያነሰ። ነፋስ ስለሚወጣ ማንም አይጠረጥረውም። የሚዞርበትን አቅጣጫ በዓይን ማየት ግድ ነው።

ጌጁን ያሰርኩት ሁሉም ተዘግቶ ማሽኑ ሩብ ሰዓት ከሠራ በኋላ ነው። አየሩ በ26 ዲግሪ ገብቶ በ15 ይወጣል። ግፊቱ ልክ ነው። ጋዙ ሙሉ ነበር።

ነገሩ የገንዘብ ብቻ አይደለም። በዚህ ማሽን ውስጥ ያለው አር-410ኤ አንድ ኪሎው አየር ላይ ቢለቀቅ በመቶ ዓመት ውስጥ ከ2,000 ኪሎ የሚበልጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያህል ምድርን ያሞቃል። እ.ኤ.አ. በ2016 የዓለም መንግሥታት ኪጋሊ ላይ ተሰብስበው እንዲህ ያሉትን ጋዞች ቀስ በቀስ ለመቀነስ የተስማሙት ለዚህ ነው። አሜሪካም ያለ ፈቃድ ወረቀት ጋዝ የሚነካ ባለሙያ አትፈቅድም፤ አውቆ አየር ላይ መልቀቅም በሕግ የተከለከለ ነው። በሚያፈስ ማሽን ላይ በየሰመሩ የሚጨምር ሰው ያንኑ ጋዝ በደንበኛው ገንዘብ እየለቀቀ ነው።

ፊልተሮቹን በከረጢት ይዤ ወረድኩና ለእትዬ አሳየኋቸው። «ውይ በሞትኩት! ይኼን ስንተነፍስ ነው የከረምነው?» አሉ። የወጥ ቤቱ ጭስ መውጫ ከኤሲው አየር መሳቢያ ቢያንስ 10 ጫማ እንዲርቅ ነገርኳቸው፤ በዚያው ወር አስቀየሩት። ፊልተሩን አሁን በየወሩ እቀይራለሁ፤ ቀኑን ጠርዙ ላይ እጽፋለሁ፣ አሮጌውን ሳላሳያቸው አልጥልም።

ሱቅና ምግብ ቤት ያላችሁ ወገኖቼ፣ የጥገና ሰው ሲመጣ «ጋዝ ጨምርልኝ» አትበሉት። «ያወጣኸውን ፊልተር አሳየኝ» በሉት።