ሬሳ አይናገርም

ቅዳሜ ማታ እህቴ ቤት እራት ተጠርቼ ሄድኩ። ወጡ ቀርቦ፣ እንጀራው ተዘርግቶ፣ የእህቴ ልጅ ግን ዓይኗን ከቴሌቪዥኑ አልነቀለችም። የሕግ ተማሪ ናት። የምታየው እ.ኤ.አ. በ2000 የጀመረውንና ዓለምን ያዳረሰውን «ሲ.ኤስ.አይ» የተባለ የአሜሪካ ተከታታይ ፊልም ነው። ሐኪሙ ሬሳው ላይ ጎንበስ ይልና ቀና ብሎ፣ «የሞተው ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ከሩብ ላይ ነው» ይላል። አለቀ! ገዳዩ ውሎ ሳያድር ይያዛል።

«አዩ ጋሼ» አለችኝ ጉርሻዋን በእጇ እንደያዘች። «ሰው ይዋሻል፤ ሬሳ ግን አይዋሽም። ሬሳ ራሱ ይናገራል።»

ዝም ብዬ መብላት ነበረብኝ። ግን ምን ይደረግ፣ የመምህርነት አመል አይለቅም። ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር በነበረበት ዘመን «መምህር፣ ግጥሙ ራሱ ይናገራል» የሚል ተማሪ ጠፍቶ አያውቅም። የእኔም መልስ ሁልጊዜ አንድ ነበር፦ «ማን አንብቦት?» ግጥም አይናገርም፤ የሚናገረው አንባቢው ነው። አንባቢው ጎበዝ ሲሆን ግጥሙ የተናገረ ይመስላል። አንባቢው ችኩል ሲሆን ግን ግጥሙ ያላለውን ብሏል ይባላል። ሬሳም እንዲሁ ነው። አጥንት፣ ደም፣ ፀጉር፣ አሻራ ይነበባሉ እንጂ አይናገሩም።

የፊልሙ ትልቁ ጥፋት ማጋነኑ አይደለም፤ ፊልም ነውና ያጋንን። ጥፋቱ አንባቢውን ከመድረክ መደበቁ ነው። ሐኪሙ የሚያመነታበት፣ ሁለት ባለሙያዎች የሚለያዩበት፣ «አልታወቀም» ተብሎ የሚጻፍበት ጊዜ እምብዛም የለውም። «ስምንት ሰዓት ከሩብ» የምትለዋን እንውሰድ። የአስከሬን ሙቀት በየሰዓቱ እየቀነሰ ይሄዳል፤ ከዚያ ተነሥቶ የሞተበትን ሰዓት መገመት ይቻላል። ግን የሬሳው ክብደት፣ ልብሱ፣ የክፍሉ አየር፣ ነፋሱ ሁሉ ስሌቱን ይለውጡታል። በጣም በተመቸ ሁኔታ እንኳ ጥንቁቅ ሐኪም ሁለትና ሦስት ሰዓት ወደፊትም ወደኋላም ትቶ ነው የሚናገረው። ያቺ «ከሩብ» የመጣችው ከደራሲው እንጂ ከሬሳው አይደለም።

እኛ አገር አስቀድሞ ሌባሻይ የሚባል ነበር። አያቶቻችን ያውቁታል። ዕቃ ሲጠፋ አንድ ልጅ ይመጣል። መድኃኒት ያጠጡታል፣ ትንባሆ ያስጨሱታል፣ ወገቡን በመቀነት አስረው ይለቁታል። ልጁ እየተንገዳገደ መንደሩን ያካልልና አንዱ ቤት ገብቶ ይወድቃል። በቃ፣ የዚያ ቤት ባለቤት ሌባ ነው! ይግባኝ የለም፤ ልጁ አያውቀውም፣ ቂም የለበትም፣ መድኃኒቱ አይዋሽም። ኋላ በአዋጅ ቀረ። አሁን ስንሰማው እንስቃለን። ግን ባንስቅ ይሻላል። የሌባሻይ ኃይሉ መድኃኒቱ አልነበረም፤ «በዚህ ውስጥ የሰው እጅ የለበትም» የሚለው እምነት ነበር። ይኸው እምነት ነጭ ጋዋን ለብሶ፣ ማይክሮስኮፕ ይዞ ቢመጣስ? እንለየዋለን?

አሜሪካኖቹ ራሳቸው ጠየቁት። እ.ኤ.አ. በ2009 ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚያቸው ባወጣው ጥናት፣ ከዲኤንኤ በቀር ማንኛውም የፎረንሲክ ዘዴ አንድን ማስረጃ ከአንድ የተወሰነ ሰው ጋር በማያዳግም እርግጠኝነት እንደሚያያይዝ በጥብቅ ሳይንሳዊ ፍተሻ አልተረጋገጠም አለ። በ2016 የፕሬዚዳንቱ የሳይንስ አማካሪዎች ነገሩን እንደገና አጠኑት። በሰው ገላ ላይ የቀረን የጥርስ ንክሻ አይቶ «የነከሰው እከሌ ነው» የሚለው ዘዴ ከሳይንስ መመዘኛ እጅግ የራቀ ነው ብለው ጻፉ። በዚህ ዘዴ ስንቱ ተፈርዶበታል!

የፀጉሩ ነገር ደግሞ ይብሳል። የኤፍ.ቢ.አይ ባለሙያዎች ለዓመታት ወንጀል ከተፈጸመበት ቦታ የተገኘን ፀጉር ከተከሳሹ ፀጉር ጋር በማይክሮስኮፕ እያስተያዩ ፍርድ ቤት ቀርበው ይመሰክሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 መሥሪያ ቤቱ ራሱ እንዳመነው፣ ምስክርነቱ ተከሳሹን ከጎዳባቸውና እስከዚያ ከተመረመሩት 268 ችሎቶች ውስጥ በ257ቱ የተሳሳተ ወይም ከልክ ያለፈ ቃል ተሰጥቷል። ሰዎቹ ዋሾዎች አልነበሩም። ያዩት ሁለት የሚመሳሰሉ ፀጉሮችን ነው፤ የተናገሩት ግን ከ«ይመሳሰላል» አልፎ ወደ «የእሱ ነው» የሚጠጋ ነው። በእነዚህ በሁለቱ መካከል የሰው ዕድሜ አለ።

እኔን ይበልጥ የያዘኝ ግን የማድሪዱ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2004 ማድሪድ ላይ ባቡሮች በቦምብ ጋዩ። ፈንጂ ማቀጣጠያ ከያዘ ከረጢት ላይ አሻራ ተገኘ። ኤፍ.ቢ.አይ «የኦሪገኑ ጠበቃ አሻራ ነው» አለ። አንድ ባለሙያ አይደለም፤ ሌሎችም አይተው አጸደቁ። ፍርድ ቤት የሾመው ገለልተኛ ባለሙያ ሳይቀር ተስማማ። ጠበቃው እስልምናን የተቀበለ ሰው ነው። ሁለት ሳምንት ታሰረ። ከዚያ የስፔን ፖሊስ አሻራው የአንድ አልጄሪያዊ መሆኑን አስታወቀ፤ ኤፍ.ቢ.አይም ይቅርታ ጠየቀ። ኋላ በተደረገው ማጣራት ምን ታወቀ? መርማሪዎቹ መጀመሪያ የጠበቃውን ጥርት ያለ አሻራ አዩ፤ ከዚያ ወደ ደበዘዘው ተመልሰው ያዩትን እዚያም አገኙት። ደካማ ተማሪ እንዲህ ነው የሚያነብ! ሐተታውን አስቀድሞ ያነብና ግጥሙ ውስጥ ሐተታውን ያገኘዋል።

ኢቲኤል ድሮር የተባለ ተመራማሪና ባልደረቦቹ ይህን ታሪክ ይዘው እ.ኤ.አ. በ2006 አንድ ሙከራ አሳተሙ። ለአምስት ልምድ ያላቸው የአሻራ ባለሙያዎች ጥንድ ጥንድ አሻራ ሰጧቸው። «ይኼ የማድሪዱ ስህተት ነው፤ እስቲ እዩት» አሏቸው። እውነቱ ግን ሌላ ነበር። ለእያንዳንዱ የተሰጠው እሱ ራሱ ከዓመታት በፊት «አንድ ናቸው» ብሎ የፈረመበት አሻራ ነው። ሦስቱ «አንድ አይደሉም» አሉ። አንዱ መወሰን አቃተው። ባቋሙ የጸናው አንድ ብቻ ነበር። አሻራው ያው ነው፣ ዓይኑም ያው ነው፤ የተለወጠው አስቀድሞ የተነገረው ወሬ ነው።

ሐኪሞቹስ? እ.ኤ.አ. በ2021 ይኸው ተመራማሪ ከሌሎች ጋር ሆኖ ለ133 የአሜሪካ የፎረንሲክ ሐኪሞች ስለ አንድ ሕፃን ሞት አንድ ዓይነት የሕክምና ዝርዝር ላከ። ለግማሾቹ ሕፃኑ ጥቁር፣ ጠባቂው የእናቱ የወንድ ጓደኛ እንደሆነ፣ ለቀሩት ሕፃኑ ነጭ፣ ጠባቂዋም አያቱ እንደሆነች ተነገራቸው። የመጀመሪያዎቹ ወደ ነፍስ ግድያ፣ ሁለተኛዎቹ ወደ ድንገተኛ አደጋ አዘነበሉ። ጥናቱ የሙያ ማኅበሩን ክፉኛ አስቆጣ። ተቺዎቹ የሕፃኑ ቀለምና የጠባቂው ማንነት በአንድ ላይ ስለተለወጡ የቱ እንዳደረገው አይለይም አሉ። ደግሞም ሐኪም የሟቹን ታሪክ ሳያውቅ እንዴት ይመርምር? ሁለቱም ተገቢ ትችት ነው። ብቻ ከትችቱ በኋላም አንድ ነገር አልተናደም፦ ሐኪሙ የጻፈው ቃል ከሬሳው ብቻ የመጣ አይደለም።

ይህን ሁሉ የምጽፈው «ሳይንሱ ውሸት ነው» ለማለት እንዳይመስልብኝ። ጠርጥር ከገንፎም አለ ስንጥር የሚሉት አበው፣ ገንፎውን ጭራሽ አትብላ አላሉም። እ.ኤ.አ. በ2011 ለ169 የአሜሪካ አሻራ መርማሪዎች በቀረበ ትልቅ ፈተና የሁለት ሰው አሻራ «የአንድ ሰው ነው» ተብሎ የተፈረደበት ከሺህ አንድ ያህል ነው። ይህ ታላቅ ችሎታ ነው። ከሺህ አንድ ግን ዜሮ አይደለም።

የዲኤንኤን አጀማመር ደግሞ ስንቶቻችን እናውቃለን? አሌክ ጄፍሪስ የተባለው እንግሊዛዊ ሳይንቲስት ሌስተር ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ዘዴውን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1984 ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ የአካባቢው ፖሊስ ለግድያ ምርመራ ሲወስደው መጀመሪያ ምን ሠራ? ገዳይ ያዘ? አይደለም። የ17 ዓመት ወጣት ነጻ አወጣ። ያውም ከሁለት ልጃገረዶች የአንዷን ግድያ ፈጽሜአለሁ ብሎ ያመነ ወጣት! ገዳዩ የተያዘው ከዚያ በኋላ ነው። ይህ ሳይንስ በወንጀል ጉዳይ ሥራ የጀመረው ንጹሕ ሰው በማዳን ነው። እኛ ግን ስለ አስከሬን ምርመራ ስናስብ ትዝ የሚለን መወንጀሉ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ የራሴን ኃጢአት ልናዘዝ።

የዛሬ ሃያ ዓመት ገደማ ሰፈራችን አንድ ሰው ማታ ደህና ተኝቶ ጠዋት ሞቶ ተገኘ። አርባ ዓመት ቢሆነው ነው። ፖሊስ መጥቶ «ሬሳው ይመርመር» አለ። በዚያ ጊዜ የአስከሬን ምርመራ ማለት ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ማለት ነበር፤ ከክፍለ ሀገር ሳይቀር ሬሳ በመኪና ተጭኖ ወደዚያ ይመጣ ነበር። ዘመድ ተንጫጫ። «ሬሳ ተቆራርጦ ሊቀበር?» «ቀኑ ሊያልፍ ነው፣ ሰው ከጠዋት ጀምሮ ተሰብስቧል።» የዕድሩ ሰዎች ሽማግሌ ሲመርጡ «መምህር ይናገርልን» ተባለ። ተናገርኩ። እንዴት አድርጌ እንደተናገርኩ! ስለ ባህላችን፣ ስለ ሟች ክብር፣ ስለ እናቱ እንባ። ቤተሰቡም «ጥርጣሬ የለንም» ብሎ ፈረመ። ፖሊሱ ተሸነፈ፤ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቀበርን። ተመሰገንኩም።

አርባው ሳይወጣ ወሬው ተነሣ። «ሚስቱ የሆነ ነገር አብልታው ነው።» ማን እንደጀመረው አይታወቅም። የሟች እህቶች ከእሷ ጋር መነጋገር አቆሙ። እንጀራ ጋግራ የምትሸጥ ሴት ነበረች፤ ከእጇ የሚገዛ ጠፋ። በየትኛው ወረቀት ትከራከር? የሚመሰክርላት ሬሳው ብቻ ነበር፤ እሱን እንዳይነበብ ያደረግኩት እኔ ነኝ። ልቡ ይሁን ጭንቅላቱ ውስጥ የፈሰሰ ደም፣ አንድ ሐኪም የግማሽ ቀን ሥራ ሠርቶ ምናልባት ይነግረን ነበር። ለሟች ክብር የተሟገትኩ መስሎኝ የቋሚዋን ክብር ቀበርኩ። ሴትየዋ ዓመት ሳይሞላት ሰፈሩን ለቃ ሄደች።

በአገር ደረጃም ያልተነበቡ ብዙ አሉን። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የአርጀንቲና የፎረንሲክ አንትሮፖሎጂ ቡድን መጥቶ ከልዩ ዐቃቤ ሕግ ጋር የደርግ ዘመን የጅምላ መቃብሮችን ቆፍሯል። ባለሙያዎቹ የመጡት የራሳቸው አገር ወታደሮች የሰወሯቸውን ሰዎች ሲፈልጉ ሙያውን ተምረው ነው። አንገት ላይ የቀረ የናይሎን ገመድ አግኝተዋል። ዛሬ መስቀል አደባባይ አጠገብ በ2002 የተከፈተው የቀይ ሽብር ሰማዕታት ሙዚየም የገባ ሰው የራስ ቅሎቹን መስተዋት ውስጥ ያያቸዋል። በአንጻሩ «ኦሮማይ»ን የጻፈልን በዓሉ ግርማ በየካቲት 1976 እንደወጣ ቀረ። አስከሬኑ አልተገኘም። መጽሐፉን ለተማሪዎቼ ብዙ ጊዜ አስነብቤአለሁ፤ የደራሲው መጨረሻ ግን የሚነበብ ገጽ የለውም። ቤተሰቡ ያነበበው ባዶውን ነው።

ባዶ ደግሞ እንዴት እንደሚከብድ በመጋቢት 2011 አይተናል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ቢሾፍቱ አጠገብ ወድቆ 157 ሰው ሲያልቅ፣ በሳምንቱ መንበረ ጸባዖት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል የተሸኙት የ17 ወገኖቻችን የሬሳ ሣጥኖች ባዶ ነበሩ። ለቤተሰቦች የተሰጠው ከአደጋው ስፍራ የተዘገነ አፈር ነው። ከስድስት ወር በኋላ ግን፣ ከዘመድ በተወሰደ ዲኤንኤና በአሻራ፣ የሟቾቹ ሁሉ ማንነት ታወቀ። ያን ጊዜ «ሳይንስ ለሬሳ ምን ያደርጋል» የሚል አልሰማሁም።

«ታዲያ ጋሼ፣ ምኑን ልመን?» አለች የሕግ ተማሪዋ፤ ፊልሟ አልቋል።

አንድ ነገር ነገርኳት። ሳስተምር ሳለ የፈተና ወረቀት ሳርም አንድ ቀን የጎበዝ ተማሪዬን ስም አይቼ ድርሰቷን ወደድኩት። ቆይቶ ደብተሯ ከሌላ ልጅ ጋር ተለዋውጦ እንደነበር ታወቀ። ከዚያ ወዲያ የስሙን ቦታ ሳላጥፍ አርሜ አላውቅም። ድሮርም ለመርማሪዎች የሚመክራቸው ከዚህ ብዙ አይርቅም፦ መጀመሪያ ማስረጃውን ብቻ እይ፣ ያየኸውን ጻፍ፣ ታሪኩ ከዚያ በኋላ ይነገርህ። ካየህ በኋላ ሐሳብህን ከለወጥክም መለወጥህን ጻፍ። ይህ ውድ መሣሪያ አይጠይቅም፤ ወረቀት ማጠፍ ነው።

«እኛ አገር ሐኪሙስ የት አለና ነው ስለ አድልዎ የምናወራው?» የሚለኝ እንዳለ አውቃለሁ። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ብዙ አንባቢ ባለበት የአንዱን ስህተት ሌላው ያርመዋል። አንባቢው አንድ ብቻ ሲሆን እሱ የጻፈው ወረቀት ፍርድ ሆኖ ይቀራል፤ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።

ስለዚህ ጠበቃ ስትሆኚ፣ አልኳት፣ ሪፖርቱ ሲቀርብልሽ ሦስት ነገር ጠይቂ። ባለሙያው ከማየቱ በፊት ምን ተነግሮት ነበር? ሁለተኛ አይቶ ያረጋገጠው ማን ነው፣ የመጀመሪያውን መልስ ሳያውቅ ነው ወይስ አውቆ? ዘዴው ስንት ጊዜ ይሳሳታል? መልስ ከሌለው የቀረበልሽ ሌባሻይ ነው። «አልታወቀም» ብሎ የጻፈ ሐኪም ካጋጠመሽ ደግሞ አትናቂው፤ ያላነበበውን አነበብኩ ያላለ ሰው ነው። ዳሩ ግን ከሁሉ በፊት ሬሳው ይመርመር። ለቅሶ ቤት ውስጥ «አይነካ» ብሎ አሳምሮ የሚናገር ሽማግሌ ከመጣ፣ መምህርም ቢሆን፣ አትስሚው።

ልጅቱ ሳቀች። እኔ ግን ያቺን እንጀራ ሻጭ እያሰብኩ ነበር። አሁን የት እንዳለች አላውቅም።